ኮርሴት ይይዛል እንጂ አያሳርፍም

በዚህ ወር የትምህርት ገጻችን የምንማማረው ስለ ኮርሴት ነው። አትሳቁ! ነገሩ የቁንጅና ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ግን እሁድ እሁድ ስንገናኝ ይህ ወሬ የማይነሳበት ጊዜ የለም። አንዷ ዶራ ሱቅ በር ላይ ከተሰቀለው ገዝታ ትንፋሽ አጥሯታል። አንዷ ከወለደች በኋላ ሆዷ አልመለስ ብሏታል። ሌላዋ ደግሞ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆና፣ ሳምንት ሳይሞላት ሆዷን አስራ ወደ ሥራ ተመልሳለች። ስለዚህ ጉዳዩ የጤናም፣ የእንጀራም ጉዳይ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት እስከ 10ኛ ክፍል ነው። ነገር ግን የምሠራበት ቤት ማዳም ሆዷን ኦፕራሲዮን በሆነች ጊዜ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ነርሷ ቤት ድረስ እየመጣች እንዴት እንደሚለበስ፣ እንዴት እንደሚወልቅ አሳይታኛለች። የማይገባኝንም እየጠየቅኩ በደብተሬ ጽፌያለሁ። ከዚያም ወዲህ ያገኘሁትን አንብቤ ጨምሬበታለሁ። ዛሬ እሱን ነው የማካፍላችሁ።

1ኛ/ ኮርሴት ምንድን ነው?

እኛ ኮርሴት ወይም የቦርጭ መያዣ የምንለውን እዚህ አገር መሸድ ይሉታል። ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። እናቶቻችን ውኃ ሲቀዱ፣ እንጨት ሲሸከሙ፣ ሲወልዱም ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ አድርገው ያስሩ የለ? የአሁኑ የሚለየው ጨርቁ ስለሚለጠጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ዱፖንት በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረ ጆሴፍ ሺቨርስ የሚባል ኬሚስት የሚለጠጥና ተመልሶ የሚሰበሰብ ክር ሠራ። ላይክራ የምንለው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ሰውነትን የሚያጠብቅ ልብስ እንደ ድሮው ፈረንጆች አጥንትና ብረት ማስገባት አላስፈለገውም።

ሦስት ዓይነት አለ፤ አንዱን ከአንዱ እንዳታምታቱ።

ሀ/ የየቀኑ፦ ከልብስ ስር የሚለበስ፣ ሆድና ዳሌ ሰብሰብ የሚያደርግ።
ለ/ የእግር፦ ለሚያብጥና ደም ሥሩ ለሚወጣጠር እግር የሚሆን ጠባብ ካልሲ።
ሐ/ የኦፕራሲዮን፦ ሐኪም የሚያዘው፣ ሰፊ የሆድ ማሰሪያ ወይም ዚፕ ያለው ሙሉ ልብስ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እንወቅ። የትኛውም ኮርሴት ስብ አያቀልጥም። ሲለበስ ሥጋውን ገፋ አድርጎ ይይዘዋል፤ ሲወልቅ ሥጋው ወደ ቦታው ይመለሳል። "በአንድ ወር 10 ኪሎ ያስቀንሳል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን በቦርሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያልብ ከሆነ የሚቀንሰው ውኃ ነው፤ አንድ ጠርሙስ ስትጠጡ ይመለሳል።

2ኛ/ የየቀኑን እንዴት እንምረጥ?

መጀመሪያ ተለኩ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ በክር ለክታችሁ ክሩን በማስመሪያ ላይ ዘርጉት። ሦስት ቦታ ለኩ፦ ወገብ ቀጭኑ ላይ፣ ሆድ እምብርት ላይ፣ ዳሌ ሰፊው ላይ። ስትለኩ ሆዳችሁን ወደ ውስጥ አትሳቡ፤ ሜትሩን የምናታልለው ራሳችንን ለማታለል ነው። በሳንቲ ሜትር ጽፋችሁ ያዙና ካርቶኑ ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩ። ኤስ፣ ኤም፣ ኤል የሚለውን ፊደል ብቻ አትመኑ፤ የአንዱ ፋብሪካ ኤል የሌላው ኤም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ላላችሁበት ሰውነት ግዙ። "ስከሳ ይሆነኛል" ብላችሁ አንድ ቁጥር ያነሰ አትውሰዱ። ያነሰ ኮርሴት ቀጭን አያደርግም፤ ሥጋውን ከላይና ከታች ገፍቶ ያወጣዋል፣ ይጠቀለላል፣ ይቆርጣል።

ሦስተኛ፣ ጨርቁን እዩ። ጽሑፉ ላይ ናይለንና ኤላስታን ወይም ስፓንዴክስ የሚል ታገኛላችሁ። ስፓንዴክሱ በጨመረ ቁጥር መጥበቁም ይጨምራል። ከስር፣ በተለይ ብልት ላይ፣ ጥጥ ያለበትን ምረጡ። ስትሸኑ የግድ ሁሉንም ማውለቅ የማያስፈልገው ደግሞ ይሻላል። ለምን መሰላችሁ? ማውለቁ ሲያስቸግር ሽንታችንን እንይዛለን፤ ውኃ መጠጣትም እንቀንሳለን። ሽንት አብዝቶ መያዝ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያጋልጣል።

አራተኛ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ልበሱትና እነዚህን አራት ነገሮች ሞክሩ።

• በረጅሙ ተንፍሱ። ትንፋሹ ደረት ላይ ከቀረ ጠቧል።
• ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጎድን የሚወጋ ወይም ብሽሽት የሚቆርጥ ከሆነ መልሱት።
• ወለል እንደምትወለውሉ ሆናችሁ አጎንብሱ፣ እጃችሁን መስኮት እንደምታጸዱ አንሱ። የእኛ ቀን እንደዚህ ነው የሚያልፈው፤ መስታወት ፊት ቆመን አይደለም።
• ሁለት ጣት ከጠርዙ ስር አስገቡ። ካልገባ ጠቧል።

የአለባበሱ ሰዓትም ልክ አለው። አዲስ ሲሆን በቀን 2 ወይም 3 ሰዓት ብቻ ልበሱት፤ ሰውነታችሁ ይልመደው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ከለመዳችሁም በኋላ 8 ሰዓት አይለፍ። የእኛ የሥራ ቀን ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚሄድ፣ "እስከ ሥራዬ መጨረሻ" ብትሉ በጣም ይበዛል። ምሳ ስትበሉ አላሉት፤ የየቀኑን ለብሳችሁ አትተኙ።

እነዚህን ካያችሁ ያን ጊዜውኑ አውልቁ፦ ቃር፣ ማቅለሽለሽ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስ ማዞር፣ የእግር መደንዘዝ። በተለይ የጭናችሁ የውጪ በኩል ቢያቃጥል ወይም ቢደነዝዝ፣ ብሽሽት አካባቢ የሚያልፍ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ጠባቡን ልብስ ሲያስወግዱት ይተዋል፤ ካልተወ ሐኪም ይየው። በበጋው የቤይሩት ወበቅ ደግሞ ላብ ከስር ይጠራቀምና ሽፍታና የቆዳ ፈንገስ ያመጣል። ስለዚህ ማታ ታጠቡና ቆዳችሁን በደንብ አድርቁ።

3ኛ/ "ወገቤን ካሰርኩ ከባድ ማንሳት እችላለሁ" የሚባለውስ?

ይህን ብዙ ሰው ያምናል፤ እውነት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ጤና ተቋም ስለ ወገብ ቀበቶ የተጻፈውን መርምሮ፣ ጤነኛ ሠራተኛን ከወገብ ጉዳት እንደሚከላከል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። እንዲያውም አንዱ ፍርሃቱ፣ ቀበቶ ያሰረ ሰው ኃይል የጨመረ መስሎት ከአቅሙ በላይ እንዳያነሳ ነው። ጃራ ሙሉ ጋዝ፣ የውኃ ጋሎን፣ እርጥብ ምንጣፍ ኮርሴት ስለለበስን አይቀልልንም። ጉልበታችሁን እጠፉ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነታችሁ አስጠጉ፣ እያነሳችሁ ወገባችሁን አታጣምሙ። የሚጎተተውን አትሸከሙ፤ የሚከፈለውን ከፍላችሁ ውሰዱ።

4ኛ/ ለእግር የሚሆነው ካልሲ

ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤትና ካውያ ላይ ቆመን ማታ እግራችን እንደ ሊጥ የሚያብጠው ለምንድን ነው? በትምህርት ቤት በባዮሎጂ እንደተማርነው ደም ከእግር ወደ ልብ ሲመለስ ሽቅብ ነው የሚወጣው። በደም ሥሩ ውስጥ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚከለክሉ ትንንሽ በሮች አሉ። የባት ጡንቻም ስንራመድ እየጨመቀ ወደ ላይ ይገፋዋል። አንድ ቦታ ስንቆም ግን ጡንቻው ሥራ ይፈታል፤ ደሙ ከታች ይጠራቀማል።

ካልሲው ቁርጭምጭሚት ላይ በጣም ይጠብቅና ወደ ላይ እየላላ ይሄዳል። ፋርማሲ ገብታችሁ "ክልሳት ደዋሊ" ብትሉ ይገባቸዋል። ካርቶኑ ላይ የመጥበቁ ልክ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ተጽፏል። ከ15 እስከ 20 ያለው ለድካምና ለቀላል እብጠት የሚሆን ነው። ከ20 እስከ 30 ያለውንና ከዚያ በላይ የሆነውን ሐኪም ሳያዝላችሁ አትግዙ። ስትገዙ የቁርጭምጭሚታችሁን ቀጭን ቦታና የባታችሁን ወፍራም ቦታ ለኩ። የምትለብሱት ጠዋት እግራችሁ ሳያብጥ ነው፤ ማታ ስትተኙ ይወልቃል። አፉን አጥፋችሁ እጥፍ አታድርጉት፤ እንደ ገመድ ያንቃል። ስኳር በሽታ ያለባት፣ ወይም ስትራመድ ባቷን የሚይዛትና እግሯ የሚቀዘቅዝ እህት ሳትመረመር አትልበስ።

ካልሲው በሌለበትም መድኃኒት አለ፦ ካውያ ላይ ቆማችሁ ተረከዛችሁን 20 ጊዜ ከፍ ዝቅ አድርጉ፤ ማታ 15 ደቂቃ እግራችሁን ትራስ ላይ ስቀሉ።

5ኛ/ ከኦፕራሲዮን በኋላ

ይህኛው ክፍል ሁለት ዓይነት እህቶችን ይመለከታል፦ ራሳቸው ኦፕራሲዮን የሆኑትን፣ እና እንደ እኔ ማዳማቸውን የሚያስታምሙትን።

ስብ ለሚያስመጥጡና የሆድ ቆዳ ለሚያስቆርጡ ሴቶች ሐኪሞች ልብሱን የሚያዙት እብጠቱን ለመቀነስ፣ ከቆዳው ስር ፈሳሽ እንዳይጠራቀምና የተለየው ቆዳ ከሥጋው ጋር እንዲጣበቅ ለመርዳት ነው። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይለበሳል፤ መጀመሪያ ላይ ሌትና ቀን፣ ለመታጠብ ብቻ እየወለቀ። ትክክለኛውን ቀን የሚወስነው ግን የቆረጠው ሐኪም ነው። ትርፍ አንጀት ለወጣላት ወይም በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት ደግሞ የሆድ ማሰሪያው የግድ አይደለም። ስትነሳና ስትራመድ ሕመሙን ሊያቀልላት ስለሚችል አንዳንዱ ሐኪም ይሰጣል፣ አንዳንዱ አይሰጥም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጡ አራት ጥያቄ ጠይቁ፦ የትኛውን ልልበስ? መቼ ልጀምር? በቀን ስንት ሰዓት? መቼ ልተው?

ነርሷ ያሳየችኝ አለባበስ እንዲህ ነው።

• ታማሚዋ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ጉልበቷን ታጥፋለች። ማሰሪያው ከስሯ ይዘረጋል።
• ከስር ስስ ንጹሕ የጥጥ ልብስ ይደረጋል፤ ላስቲኩ ቁስል አይንካ።
• ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይታሰራል። ጎድን ላይ መውጣት የለበትም።
• ከተለበሰ በኋላ እጥፋት ካለ በእጅ ይስተካከላል። እጥፋቱ ለሰዓታት ከቆየ ቆዳውን ይሰረጉደዋል።
• የፈሳሽ ማውጫ ቱቦ ካለ አይታጠፍ፣ አይጎተት።
• ለመነሳት መጀመሪያ ወደ ጎን ዞር ማለት፣ ከዚያ በክንድ ተደግፎ መቀመጥ ነው። ሳል ሲመጣ ትራስ ሆድ ላይ መያዝ ይረዳል።

አንድ ነገር አደራ! ልብሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወልቆ ልትታጠብ ስትል ታማሚዋ ራሷን ልትስት ትችላለች። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው። አስቀምጣችሁ አውልቁላት፤ መታጠቢያው ውስጥ ወንበር አስገቡ፤ ብቻዋን አትተዉአት። እናንተ ራሳችሁ ታማሚ ከሆናችሁም በሩን ከውስጥ አትቆልፉ።

ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ መራመድ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ጥሩ ነው። ደም እግር ውስጥ እንዳይረጋ ይረዳል። መራመድና መሥራት ግን አንድ አይደለም።

6ኛ/ ዋናው ነገር፦ ዕረፍት

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ይኼ ነው። አንዲት ጓደኛችን ትርፍ አንጀቷ በሆድ ቀዳዳ ሳይሆን ተቀድዶ ነው የወጣላት። በ6ኛው ቀን አሠሪዋ ኮርሴት ገዝታ ሰጠቻትና "በቃ አሁን ደህና ነሽ" አለቻት። ወቅቱ ምንጣፍ የሚታጠብበት ነበር። እሷም ኮርሴቱ ይይዘኛል ብላ በረንዳ ላይ እርጥብ ምንጣፍ አነሳች። ስፌቱ ተከፈተና መገለ። ተመልሳ ሆስፒታል ገባች፤ ሦስት ሳምንት ይፈጅ የነበረው ሁለት ወር ሆነ። ዛሬ ደህና ናት፤ ይህንንም የጻፍኩት ፈቅዳልኝ ነው።

እህቶቼ፣ ላዩ የደረቀ ቁስል ውስጡ አልዳነም። ኮርሴት ሕመሙን ስለሚያስታግስ ድነናል ብለን እንድናስብ ያደርገናል፤ አደጋው እዚህ ላይ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ለ6 ሳምንት ያህል ከሕፃኑ የከበደ ነገር እንዳታነሳ ሐኪሞች ይመክራሉ። ትርፍ አንጀት በትንንሽ ቀዳዳ ከወጣ ለከባድ ሥራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ሆድ ተቀድዶ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊያስፈልግ ይችላል።

"ታዲያ ማን ያሳርፈናል?" ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን መብታችንን እንወቅ። እዚህ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቤት ሠራተኞች ውል አሠሪው የጤና መድን እንዲገባልን ይላል። በሐኪም ማስረጃ 15 ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ ሌላ 15 ቀን በግማሽ ደመወዝ የሕመም ፈቃድ አለን። ስለዚህ ከሆስፒታል ስትወጡ "ቢዲ ተቅሪር ጥቢ" በሉ፤ የሐኪም ወረቀት እፈልጋለሁ ማለት ነው። ሐኪሙ "ለዚህን ያህል ሳምንት ከባድ አታንሳ" ብሎ ቀን ጠቅሶ ይጻፍበት። ከአፍ ቃል ይልቅ ወረቀት ይከበራል። ወረቀቱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለምታምኗት እህት ላኩላት። ማዳሟ ስታዝዝ በትሕትና "ዐመልት ዐመሊዬ፣ ማ ፊኒ ሺል ሺ ተኢል" በሉ፤ ኦፕራሲዮን ሆኛለሁ፣ ከባድ ማንሳት አልችልም ነው። ቀላሉን ሥራ ራሳችሁ አቅርቡ፦ ተቀምጦ አትክልት መክተፍ፣ ልብስ ማጠፍ። ብዙ ጊዜ "አልችልም" ብቻ ከማለት "ይህን እችላለሁ" ማለት ያግባባል።

7ኛ/ ስለ እርግዝና

ይህን በዝምታ ማለፍ አልፈለግሁም። እርግዝናን ለመደበቅ ሆድ ማሰር መፍትሔ አይሆንም። ሆዱ ማደጉን አይተውም፤ እናቲቱ ግን ቃር፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስ መሳት ያገኛታል። ወገቧ ለሚያማት ነፍሰ ጡር ሆዱን ከስር ደገፍ የሚያደርግ ሌላ ዓይነት ቀበቶ አለ፤ እሱም ሆድ አይጨምቅም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት እህት ብቻዋን አትጨነቅ። ለአንዲት ለምታምናት ትንገር፤ ምርመራዋን ቶሎ ትጀምር። እኛም ሰምተን ወሬ አናድርገው።

8ኛ/ ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከኦፕራሲዮን በኋላ ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ እስከ እሁድ አትጠብቁ።

• 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት
• ከቁስሉ መግል ወይም ሽታ፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ የስፌት መከፈት
• አንድ እግር ብቻ ማበጥ፣ የባት ሕመምና ሙቀት (የረጋ ደም ሊሆን ይችላል)
• ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርና የደረት ውጋት

የመጨረሻው ለሕይወት ያሰጋል። በሊባኖስ 140 ስትደውሉ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በነፃ ይመጣል። ቁጥሩን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ባት ካመመ አትሹት፣ አታስሹት።

9ኛ/ አያያዝ

ኮርሴትም ካልሲም በእጅ፣ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል። ክሎርና የልብስ ማለስለሻ ላስቲኩን ይገድሉታል፤ ማድረቂያ ማሽንና ካውያም እንዲሁ። በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨምቁት፣ ጥላ ላይ አንጥፉት። ከተቻለ ሁለት ይኑራችሁ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። በየቀኑ የሚለበስ ካልሲ በ6 ወር ገደማ ኃይሉን ይጨርሳል። ሲለበስ ያለ ትግል ከገባ አርጅቷል ማለት ነው። የሌላ ሰው ያገለገለ አትዋሱ፤ ለእሷ አካል የተለጠጠ ለእናንተ አይሆንም።

ለእሁድ ውይይት

1. የምትለብሱት ኮርሴት አራቱን ፈተና ያልፋል? ስንገናኝ ሜትር ይዤ እመጣለሁ፤ የፈለገች ትለካለች።
2. ከመካከላችን አንዷ ኦፕራሲዮን ብትሆን ወረቀቷን ማን ይይዝላታል? ማን ይደውልላታል? ስም እንመድብ።
3. በዓረብኛ የጻፍኳቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በቃላችሁ አጥኑ፤ እንጠያየቃለን።

እህቶቼ፣ ኮርሴት መልበስ ነውር የለውም፤ ማማርም የማንም ሴት መብት ነው። ለክታችሁ ግዙ፣ በልኩ ልበሱ፣ በጊዜው አውልቁ። ለታመመ ሰውነት ግን ዕረፍት የሚሰጠው ዕረፍት ብቻ ነው። እሁድ በሰላም ያገናኘን።